ቡችላ ከመምረጣችሁ በፊት የቅድመ አያቱን ሥራ ጠይቁ

«ጀርመን ይሻላል ወይስ ሮት?» ውሻ ሊገዛ የተነሣ ዘመድ ወይም ጎረቤት ሁልጊዜ የሚያቀርብልኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ጀርመን ሸፐርድ ወይስ ሮትዋይለር ማለቱ ነው። ቀጥሎ ዋጋው ይነሣል፣ ከዚያ ቀለሙ፣ ከዚያ «ሲያድግ ምን ያክላል?» ይመጣል። ውሻ ማሳደግ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ «ይህ ዝርያ መጀመሪያ ለምን ሥራ ነበር የተረባው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። እኔ ደግሞ ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ የለም ባይ ነኝ።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት እውነት ነው። ነገር ግን ማንን አይቶ እንደሚጮኽ፣ ጮኾ እንደሚመለስ ወይም ዘሎ እንደሚይዝ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ ሥር እንደሚተኛ ወይም አጥር ሥር ጉድጓድ ሲምስ እንደሚውል የሚወስነው የሚበላበት ቤት ብቻ አይደለም። ቅድመ አያቶቹ የዋሉበት የበግ መስክ፣ ሉካንዳ ወይም የዓሣ ጀልባም አብሮት ወደ ግቢያችሁ ይገባል። ስለዚህ ዝርያዎቹን በዋጋና በቁመት ከማወዳደር ይልቅ በታሪካቸው አወዳድራቸዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከመዝገቡ በፊት፣ ከመዝገቡ በኋላ

ውሻ ከተኩላ ተለይቶ ከሰው ጋር መኖር የጀመረው እጅግ በጥንት ዘመን ነው። ጀርመን ውስጥ በቦን አካባቢ፣ ኦበርካሰል በሚባል ስፍራ፣ ከሁለት ሰዎች ጋር አብሮ የተቀበረ ውሻ ተገኝቷል፤ መቃብሩ 14,000 ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ዛሬ በስም የምንጠራቸው ዝርያዎች ግን አብዛኞቹ የቅርብ ጊዜ ናቸው። የመጀመሪያው ዘመናዊ የውሻ ቁመና ውድድር የተካሄደው በ1859 በእንግሊዟ ኒውካስል ከተማ ነው። የብሪታንያ ኬኔል ክለብ (የውሻ አርቢዎች ማኅበር) በ1873፣ የአሜሪካው በ1884 ተቋቋመ። ከዚያ በፊት ውሻ የሚጠራው በሥራው ነበር፤ የበግ ውሻ፣ የከብት ነጂ ውሻ፣ የአደን ውሻ ይባላል። ሥራውን የማይችል ውሻ ቡችላ እንዲያስወልድ የሚፈልግ ገበሬ አልነበረም። ክለቦቹ ሲመጡ የዘር መዝገብ ተከፈተ፤ መዝገቡ ውስጥ ከሌለ ውሻ ጋር ማዳቀል ቀረ፤ ዳኛውም በጎቹን መጠበቁን ትቶ የጆሮውን አቋምና የጀርባውን መስመር ማየት ጀመረ።

እንግዲህ እያንዳንዱ ዝርያ ሁለት ታሪክ አለው ማለት ነው። ከመዝገቡ በፊት ያለው ስለ ጠባዩ ይናገራል፤ ከመዝገቡ በኋላ ያለው ስለ በሽታው። ሻጭ የሚተርክላችሁ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ነው፣ እሱንም አሳምሮ። ሁለተኛውን ራሳችሁ መጠየቅ አለባችሁ።

ለግቢ ጥበቃ፦ ጀርመን ሸፐርድ፣ ሮትዋይለር ወይስ ዶበርማን?

ሦስቱም የጀርመን ዝርያዎች ናቸው፤ አዲስ አበባ ውስጥ «ጠባቂ ውሻ» ሲባል ቀድመው የሚጠሩትም እነሱ ናቸው። ግን አንዱ የእረኛ ረዳት ነበር፣ አንዱ የሥጋ ነጋዴ፣ አንዱ ደግሞ ሰውን ለመጠበቅ ብቻ የተረባ። ልዩነታቸው ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

ጀርመን ሸፐርድን ለመረዳት አጥር የሌለውን የጀርመን ገጠር በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። በጎቹ በሁለት ማሳዎች መካከል በቀረች ጠባብ ሣር ላይ ይግጣሉ። ውሻው በማሳው ጠርዝ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሶምሶማ እየሮጠ፣ ቡቃያውን ሊቀምስ አንገቱን ያሰገገውን በግ ይመልሳል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው፤ በእግሩ የሚሄድ አጥር ማለት ይቻላል። የፈረሰኛ ጦር ሻምበል የነበረው ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ በኤፕሪል 1899 ካርልስሩኸ ከተማ በተደረገ ውድድር ላይ ሄክቶር ሊንክስራይን የሚባል እንዲህ ያለ ውሻ አየና ገዛው። ስሙን ሆራንድ ፎን ግራፍራት ብሎ ለወጠለት፤ በዚያው ወር ማኅበር መሥርቶ ውሻውን በመዝገቡ ላይ ቁጥር 1 አድርጎ አሰፈረው። ዛሬ በየግቢው የምናየው ጀርመን ሁሉ የዘር ሐረጉ ወደዚህ ውሻ ይደርሳል። የበግ እርባታው እየቀነሰ ሲሄድ ስቴፋኒትስ ውሻውን ለፖሊስና ለሠራዊት አስተዋወቀው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ አገለገለ፤ በ1916 ደግሞ ኦልደንቡርግ ከተማ ውስጥ ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች መሪ ውሻ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ተከፈተ። እንግሊዞች በጦርነቱ ቂም የተነሣ «ጀርመን» የሚለውን ስም ስላልወደዱት «አልሴሽያን» ብለው ጠሩት፤ የብሪታንያ ኬኔል ክለብ ዋናውን ስም የመለሰለት በ1977 ነው።

ይህ ሁሉ ግቢያችሁ ውስጥ ምን ይመስላል? የእኛ ጀርመን ገና ዓመት ሳይሞላት አጥሩን ተከትላ በሣሩ ላይ የእግር መንገድ የመሰለ መስመር አወጣች። ማንም አላስተማራትም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዳ ትመለሳለች፣ ቆም ብላ ታዳምጣለች፣ ደግሞ ትሄዳለች። እንዲህ ያለውን ውሻ ቀን በሰንሰለት አስሮ ማታ መፍታት፣ ብዙዎቻችን የምናደርገው ቢሆንም፣ የተረባበትን ሥራ መንጠቅ ነው። የታሰረ ጀርመን አይበረታም፤ ይበሳጫል፣ ያገኘውን ይነክሳል፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ያለ ምክንያት ይጮኻል። በቀን አንድ ሰዓት የሚያወጣው፣ የሚያስሮጠው፣ የሚያስተምረው ሰው ቤት ውስጥ ከሌለ ሌላ ዝርያ ፈልጉ።

ሁለተኛው ታሪኩ ያሳዝነኛል። ስቴፋኒትስ ውበት ከሥራ ይመጣል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር፤ ከእሱ በኋላ ግን ብዙ የውድድር አርቢዎች ጀርባው ወደ ኋላ ያዘቀዘቀ ውሻ እያበዙ ሄዱ። የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር በዝርያው ውስጥ የተስፋፋ ነው፤ በእርጅና የኋላ እግርን ሽባ የሚያደርግ የነርቭ በሽታም አለው። በውጭ አገር የወላጆቹን የዳሌ ራጅ ውጤት ጠይቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ወረቀት እምብዛም ስለማይገኝ እናትና አባቱን ተኝተው ሲነሡ እዩአቸው። ጤነኛ ውሻ በአንድ ጊዜ ብድግ ይላል። የፊት እግሩን ተክሎ ኋላውን እየጎተተ የሚነሣ ከሆነ፣ ቡችላው የቱንም ያህል ቢያምር አትውሰዱት።

ሮትዋይለር ሌላ ሰው ነው። ታሪኩ የሮማ ሠራዊት ለስንቁ የሚሆኑ ከብቶችን ሲነዳ ከነበሩት ውሾች ይጀምራል ይባላል። ስሙን ያገኘው ከደቡብ ጀርመኗ ሮትቫይል ከተማ ነው። እዚያ «የሥጋ ነጋዴ ውሻ» ይባል ነበር፤ በሬዎቹን ወደ ገበያ ይነዳል፣ ሥጋ የተጫነ ጋሪ ይጎትታል፣ ነጋዴው ሲመለስ የገንዘብ ከረጢቱን በውሻው አንገት ላይ ያስር ነበር ተብሎም ይተረካል። የባቡር ሐዲድ ሲመጣ ከብት በእግር መንዳት ቀረ፤ ውሻውም ሥራ አጣ። በ1882 ሃይልብሮን ላይ በተደረገ ውድድር የቀረበው ሮትዋይለር አንድ ብቻ ነበር። ያዳነው የፖሊስ ሥራ ነው፤ በ1910 በይፋ የፖሊስ ውሻ ሆነ፣ በ1921 ዛሬም ዝርያውን የሚያስተዳድረው የጀርመን ማኅበር ተቋቋመ።

የበሬ ነጂ ልጅ ስለሆነ ሥራውን የሚሠራው በደረቱና በትከሻው ነው፤ ይገፋል፣ ይደገፋል፣ መንገድ ይዘጋል። ወንዱ 50 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ገና መሄድ የጀመረ ሕፃን ያለበት ቤት ይህን ልብ ማለት አለበት፤ ልጁን የሚጥለው በፍቅር ሲጠጋው ነው። እንደ ጀርመን አጥር ለአጥር አይዞርም። በር ላይ ተቀምጦ ያያል፤ ሲጮኽ ምክንያት አለው። ጌቶቹ አጠገቡ ሲኖሩ የሚረጋጋ፣ ብቻውን ጓሮ ሲጣል ደግሞ እየደነደነ የሚሄድ ውሻ ነው። የሚበላው ብዙ ነው፣ ዳሌውና ክርኑ ይቸገራሉ፣ የአጥንት ካንሰርም ያጠቃዋል፤ ዕድሜውም ከሌሎቹ ያጥራል።

ዶበርማን የአንድ ሰው ሐሳብ ነው። ካርል ፍሪድሪሽ ሉዊ ዶበርማን በአፖልዳ ከተማ ግብር ይሰበስብና ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ይይዝ ነበር ይባላል። ገንዘብ ይዞ የሚጓዝ ሰው አጃቢ ያስፈልገዋል፤ ከሚያገኛቸው ውሾች ፈጣንና ደፋር የሆኑትን እየመረጠ አዳቀለ። በ1894 ሲሞት ሥራውን ኦቶ ጎለር ቀጠለና ውሻውን ትንሽ አለዘበው። ከሦስቱ ውስጥ በግም በሬም ሳይጠብቅ ከመነሻው ሰው እንዲጠብቅ የተረባው እሱ ብቻ ነው። በ1944 በጉዋም ደሴት ከአሜሪካ ማሪን ወታደሮች ጋር የተሰለፉት የጦር ውሾች አብዛኞቹ ዶበርማን ነበሩ፤ እዚያ ለሞቱት 25 ውሾች ሐውልት ቆሞላቸዋል።

የአጃቢ ልጅ ስለሆነ ግቢውን ትቶ ሰውዬውን ይከተላል፤ ክፍል ስትቀይሩ አብሮ ይቀይራል። ጸጉሩ አጭርና ስስ ነው፣ ከሥሩ የሚያሞቅ ሌላ ጸጉር የለውም። በነሐሴ ዝናብና በኅዳር ውርጭ ውጭ ማሳደር ጭካኔ ነው። ልቡም አደጋ አለበት፤ አውሮፓ ውስጥ በተደረገ ጥናት ከተመረመሩት ዶበርማኖች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ በዕድሜ ዘመናቸው የልብ ጡንቻ በሽታ ታይቷል።

የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው። ጠዋት ጠዋት የሚያወጣው ሰው ላለው ግቢ ጀርመን፤ ትልልቅ ሰዎች ሁልጊዜ ለሚገኙበትና እርጋታ ላለው ቤት ሮትዋይለር፤ ዶበርማን ግን ቤት ውስጥ የሚያድር ከሆነ ብቻ።

ስለ ግዙፎቹ አንድ ቃል

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ካውኬዥያን ሸፐርድ እና ቦርቦል የሚፈልግ ሰው በዝቷል። ካውኬዥያኑ «ሸፐርድ» ስለተባለ ብቻ ትልቅ ጀርመን የሚመስላቸው አሉ፤ በጣም የተለየ ነው። የጀርመኑ ሸፐርድ እረኛውን እያየ፣ ትእዛዝ እየጠበቀ የሚሠራ ነው። የካውካሰስ ተራሮች ውሻ ግን እረኛው ተኝቶ፣ ሌሊት ብቻውን፣ ከተኩላ ጋር ለመፋጠጥ የተረባ ነው፤ ማን ጠላት እንደሆነ ራሱ ይወስናል። እንግዳ በሚበዛበት፣ ዕድርና ማኅበር በሚገባበት ግቢ ይህ ውሳኔ በእሱ እጅ መሆኑ ያስፈራኛል። ቦርቦል የደቡብ አፍሪካ ነጭ ገበሬዎች የእርሻ ጠባቂ ነበር፤ ለቤተሰቡ የዋህ ነው፤ ግን ጉልበቱን መቆጣጠር የሚችል ልምድ ያለው ሰው ይፈልጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ውሻ ለሚያሳድግ ሁለቱንም አልመክርም።

ለልጆች ጓደኛ፦ ላብራዶር ወይስ ጎልደን?

የላብራዶር ስም አሳሳች ነው። የመጣው ከላብራዶር ምድር ሳይሆን ዛሬ በካናዳ ካለችው ከኒውፋውንድላንድ ደሴት ነው። እዚያ ዓሣ አጥማጆች የሴንት ጆንስ ውሻ የሚባል ጥቁር ውሻ ነበራቸው። ከመንጠቆ ያመለጠውን ዓሣ በቀዝቃዛው ባሕር ዋኝቶ ያመጣል፣ የመረብ ገመድ ወደ ዳር ይጎትታል። ዓሣ የጫኑ መርከቦች እንግሊዝ አገር ፑል ወደብ ሲደርሱ ውሾቹም አብረው ደረሱ፤ የማምስበሪ መኳንንት ወስደው ለዳክዬ አደን ተጠቀሙባቸው። በ1880ዎቹ ኔድ እና አቨን የተባሉ ሁለት ውሾች ከእነሱ ወደ ስኮትላንዱ የበክሉ መስፍን ተላኩ፤ የዛሬው ላብራዶር የሚመዘዘው ከእነዚህ ነው። ብሪታንያ ዝርያውን በ1903 አጸደቀች። በትውልድ ደሴቱ ግን በግ እርባታን ለማበረታታት ተብሎ የወጣ ሕግ ውሻ ማሳደግን ገደበ፤ የሴንት ጆንስ ውሻ እየመነመነ ሄዶ ዛሬ ጠፍቷል። ልጆቹ ዓለምን ሞልተው እናቲቱ ጠፋች።

ጎልደን ሪትሪቨር የተወለደው በስኮትላንድ ደጋ፣ ጊሳቻን በሚባል ርስት ላይ ነው። ሎርድ ትዊድማውዝ በ1868 ኑስ የተባለ ቢጫ ውሻ ቤል ከተባለች የውሃ ስፓንያል ጋር አገናኘ፤ ቢጫ ቡችላዎች ተወለዱ፤ ካውስሊፕ፣ ክሮከስ፣ ፕሪምሮዝ ብሎ በአበባ ስም ጠራቸው። ለብዙ ዓመታት ግን ሕዝቡ የሚያምነው ሎርዱ ውሾቹን ከሩሲያ የሰርከስ ቡድን ገዛቸው የሚለውን ወሬ ነበር። ሰውዬው በእጁ የጻፈው የእርባታ መዝገብ በ1952 ሲታተም ወሬው ሐሰት መሆኑ ታወቀ። አንድ ተራ ደብተር እንዲህ ያለ ዋጋ አለው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቡችላ የምታስወልዱ ሰዎች ብትኖሩ፣ እባካችሁ ማን ከማን እንደተወለደ ጻፉ።

ሁለቱም የተመታ ወፍ በለስላሳ አፍ ሳይጎዱ ለማምጣት የተረቡ ናቸው። አፋቸው ባዶ መሆን አይወድም፤ ጫማ፣ ካልሲ፣ የልጅ መጫወቻ ይዘው ይዞራሉ። ይህ ጥፋት አይደለም፤ የሚይዙት ነገር ስጧቸው። ሰውን እንዲጠራጠሩ ስላልተረቡ ጥበቃ አትጠብቁባቸው። እንግዳ ሲመጣ ጅራታቸውን እየቆሉ ይቀበሉታል፤ ሌባም ቢሆን።

ከሁለቱ ለመምረጥ ሦስት ነገር እዩ፤ ሆድ፣ ጸጉር፣ ዕድሜ። ላብራዶር አይጠግብም። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 እንዳሳዩት ከአራት ላብራዶሮች አንዱ ገደማ የጥጋብ ስሜትን የሚያደክም የጂን ጉድለት ይሸከማል። ስለዚህ የምግብ ልኩን አንድ ሰው ይያዘው፤ ልጆች፣ ሠራተኛና አያት በየፊናቸው የሚያጎርሱት ላብራዶር በሦስት ዓመቱ መራመድ ያቅተዋል። ጎልደን ረጅም ጸጉር አለው፤ በክረምት ጭቃ በየቀኑ መበጠር ይፈልጋል፣ አለዚያ ይቋጠራል። አሜሪካ ውስጥ በባለቤቶች መካከል በተደረገ ጥናት ከሞቱት ጎልደኖች ወደ 60 በመቶ የሚሆኑት የሞቱት በካንሰር ነው። ይህን አውቆ መግባት ይሻላል። እኔ ለልጆች ቤት ላብራዶርን አስቀድማለሁ፤ ጭቃው በፎጣ ይነሣል፣ ሆዱንም ሰው ሊቆጣጠርለት ይችላል።

ሃስኪ

ዓይኑ ሰማያዊ ስለሆነ ይወደዳል። የሳይቤሪያ ቹክቺ ሕዝቦች ያረቡት ቀላል ጭነት በበረዶ ላይ ሩቅ እንዲጎትት ነው። በ1909 አላስካ ውስጥ ኖም ከተማ በሸርተቴ ሩጫ ውድድር ላይ ተሰለፈ። በ1925 ክረምት በኖም የጉሮሮ በሽታ ወረርሽኝ ሲነሣ 20 የሸርተቴ ነጂዎች እየተቀባበሉ መድኃኒቱን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በአምስት ቀን ተኩል አደረሱት፤ ቶጎ እና ባልቶ የተባሉት ውሾች ዝና ያገኙት ያኔ ነው። ይህን ውሻ 200 ካሬ ግቢ ውስጥ ዘግታችሁ ለምን አጥር ይዘላል አትበሉት። ለድሬዳዋ፣ ለአዳማና ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀት ፈጽሞ አይሆንም።

ለአፓርታማ፦ ፍሬንች ቡልዶግ ወይስ ፑድል?

በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በቦሌ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር ሰው ክርክሩ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ፍሬንች ቡልዶግ በ2022 አሜሪካ ውስጥ ላብራዶርን ከ31 ዓመት የመሪነት ቦታው አወረደው። መነሻው ግን እንግሊዝ ነው። ብሪታንያ በ1835 ውሻን ከበሬ ጋር ማዋጋትን በሕግ ስትከለክል ቡልዶግ ሥራ አጣ፤ ትንንሾቹ የኖቲንግሃም ዳንቴል ሠራተኞች የቤት ጓደኛ ሆኑ። በማሽን ምክንያት ሥራቸው ሲጠፋ ብዙዎቹ ወደ ሰሜን ፈረንሳይ ተሰደዱ፣ ውሾቻቸውን ይዘው። ፓሪስ ወደደችው፤ የአሜሪካ ሀብታም ሴቶች ደግሞ የሌሊት ወፍ የመሰለውን ቀጥ ያለ ጆሮ ወደዱለትና በ1897 ክለብ አቋቋሙለት። ድሀ ስደተኞች ያቀፉት ውሻ ስለሆነ ሰው ይወዳል፣ ብዙ አይጮኽም፣ ትልቅ ቦታ አይፈልግም።

ከመዝገቡ በኋላ ያለው ታሪኩ ግን ከባድ ነው። አፍንጫው እያጠረ ሄዶ ብዙዎቹ ሲተነፍሱ ያንኮራፋሉ፤ ሰው እንደ ጨዋታ ያየዋል እንጂ አየር ማጣት ነው። ራሱ ትልቅ፣ ዳሌው ጠባብ ስለሆነ በአንድ ጥናት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የተወለዱት በቀዶ ሕክምና ነው። ብዙ አየር መንገዶች አፍንጫ አጭር ውሾችን በጭነት ክፍል አይቀበሉም፤ ወደ አገር ቤት ይዤው እገባለሁ የምትሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ አየሯ የሳሳ ከተማ መሆኗንም አስቡ። ለሚጨነቅ ሳንባ ዳገት ናት።

ፑድል ለሴቶች የሚሆን ጌጥ ይመስላቸዋል፤ ታሪኩ የሚለው ሌላ ነው። ስሙ የመጣው ውሃ መንቦራጨቅን ከሚገልጽ የጀርመንኛ ቃል ነው፤ የተረባው ከውሃ ዳክዬ ለማምጣት ነበር። ያ እንግዳ የሚመስለው የጸጉር አቆራረጥ እንኳ ለዋና እንዲቀለው፣ መገጣጠሚያውና ደረቱ ግን እንዲሞቅ ተብሎ የተጀመረ ነው። የአዳኝ ልጅ ስለሆነ ብልህና ፈጣን ነው፤ ጸጉሩ ብዙ አይረግፍም፤ ግን በየጥቂት ሳምንቱ የሚቆርጥለት ሰው ያስፈልጋል። አፓርታማ ውስጥ ላለ ሰው ሁለቱን ካስቀመጡልኝ ያለ ማመንታት ፑድልን እወስዳለሁ።

ሌሎቹን ትንንሾች በአጭሩ ልለፍ። ቺዋዋ ስሙን ያገኘው ከሜክሲኮ ግዛት ነው፤ የጃንሆይ ሉሉ የዚህ ዝርያ እንደነበረች ይነገራል። ፔኪኒዝ በቻይና ቤተ መንግሥት ለመታቀፍ የተረባ ስለሆነ ሩጫ አይጠይቃችሁም። በ1860 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር የቤጂንግን የበጋ ቤተ መንግሥት ሲዘርፍ አንዷ ተወስዳ ለንግሥት ቪክቶሪያ ተሰጠች፤ ስሟንም «ሉቲ» አሏት፣ ከዘረፋ ማለት ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ ከመቅደላ የተጫነውን ለምናስታውስ ይህ ስም ቀላል አይደለም።

የሐበሻ ውሻ

ሰዎች ሲያወዳድሩ የሚዘነጉት አማራጭ አጠገባቸው አለ። የሐበሻ ውሻ የዘር መዝገብ የለውም፤ መራጮቹ ጅብ፣ ረሀብ፣ በሽታና ገበሬ ነበሩ። ጀርባውን የሚያዘቀዝቅ ዳኛ፣ አፍንጫውን የሚያሳጥር ክለብ አላገኘውም። ለዚህ ነው ያለ እርዳታ የሚወልደው፣ የሚሮጠው፣ ቤት ያፈራውን በልቶ የሚያድረው። ልጅ ሳለሁ ቡቺ የሚባል ውሻ ነበረን፤ ጅብ ገና ከወንዙ ማዶ ሳለ ያውቅ ነበር። አሁንም ከጀርመናችን ጋር አንድ ሐበሻ አለን፤ ሌሊት ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው፣ እሷ የምትነሣው እሱ ሲጮኽ ነው።

«ዘር የለውም» ለሚሉኝ የከነዓንን ውሻ ታሪክ እነግራቸዋለሁ። በ1930ዎቹ ሩዶልፊና ሜንዝል የተባለች ኦስትሪያዊት ተመራማሪ ፍልስጥኤም ውስጥ ለበረሃው የሚሆን ውሻ ስትፈልግ፣ ከአውሮፓ ያመጧቸው ዝርያዎች ሙቀቱን አልቻሉትም። እሷም በበደዊን ድንኳኖች ዙሪያ የሚንከራተቱትን ውሾች ሰብስባ አሠለጠነች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈንጂ አነፈነፉ። ዓለም አቀፉ የውሻ ማኅበር በ1966 እንደ ዝርያ ተቀበላቸው፤ ዛሬ የእስራኤል ብሔራዊ ውሻ ነው። የኮንጎ ባሴንጂም የመንደር ውሻ ነበር። እኛ የጎደለን ውሻው አይደለም፤ መዝጋቢው ነው።

ለጥበቃ፣ በአነስተኛ ወጪ፣ ሰፊ ልምምድ ማሠራት ለማይችል ቤተሰብ፣ ከሁሉም ቀድሜ የምመክረው እሱን ነው። ከተማ ውስጥ ካሳደጋችሁት ግን ክትባቱን እንደ ፈረንጁ ውሻ አስከትቡት። የእብድ ውሻ በሽታ ሰው ይገድላል፤ በባሌ ተራሮች ደግሞ ከገበሬ ውሾች እየተሻገረ ቀይ ቀበሮን በተደጋጋሚ ፈጅቷል።

ውጭ አገር ለምትኖሩ

ዝርያ ከመውደዳችሁ በፊት የቤት ኪራይ ውላችሁን አንብቡ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ አከራዮችና የቤት ኢንሹራንስ ድርጅቶች ሮትዋይለርን፣ ዶበርማንን፣ አንዳንዴም ጀርመንን አይቀበሉም። ብሪታንያ ከ1991 ጀምሮ ፒት ቡልን የመሳሰሉትን በሕግ ትከለክላለች፤ ኤክስ ኤል ቡሊ የተባለው ግዙፍ ውሻም ተጨምሯል። ባቫሪያ ውስጥ ሮትዋይለር ለማሳደግ ውሻው አደገኛ አለመሆኑን በባለሙያ ማስመስከር ያስፈልጋል። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶችም በ2016 አደገኛ እንስሳትን የሚመለከት ሕግ አውጥተዋል፤ ዝርዝሩን ሳታዩ ቡችላ አትቀበሉ።

ሻጩ ቤት ስትደርሱ

ዝርያ ዕጣ ፈንታ አይደለም። በ2022 የታተመ ከ18,000 በላይ ውሾችን ያካተተ የአሜሪካ ጥናት፣ በአንድ ውሻና በሌላው መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ዝርያ የሚያስረዳው 9 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። የቀረው እናቱ፣ አስተዳደጉ፣ እሱነቱ ነው። እኔ ይህን የምረዳው እንዲህ ነው፤ ታሪኩ ውሻው ምን ሲያደርግ ደስ እንደሚለው ይጠቁማል፤ የዋህ ወይም ክፉ መሆኑን ግን ቡችላውን ራሱን ሳታዩ አታውቁም።

ስለዚህ እናቲቱን ሳታዩ አትግዙ። ከልጆቿ ጋር፣ ባደረችበት ቦታ፣ ሳትታሰር እዩአት። ልጆቿን ስትነኩ ከተረጋጋች ጥሩ ምልክት ነው፤ በፍርሃት ወደ ጥግ ከሸሸች ወይም ያለ ምክንያት እየበረገገች ከሆነ ቡችላዎቹ ያንን ከእሷ እየተማሩ ነው። ስምንት ሳምንት ያልሞላውን ቡችላ አትውሰዱ፤ ከወንድሞቹ ጋር ሲናከስ የሚማረውን የንክሻ ልክ በኋላ ማስተማር ይከብዳል። ፓርቮ የሚባለው ገዳይ የተቅማጥ በሽታ ክትባት መቼ እንደተሰጠው ጠይቁ፣ ካርዱ ላይ የሐኪሙን ማኅተም ፈልጉ። ሻጩ እናቲቱ ገጠር ናት፣ ታማለች፣ ሌላ ግቢ ናት እያለ ሰበብ ካበዛ፣ ቡችላውን እንኳ ሳታቅፉ ውጡ፤ ካቀፋችሁት በኋላ መተው አይቻልም።